በቁሟ የተለቀሰላት

«ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እንመጣለን። ልብሷን ታዘጋጅ።»

ሀሰን የሚባለው ታጣቂ ለልጅቷ እናት ይህችን ብሎ የሄደው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። አለቃው ልጅቷን ሊያገባ ወስኗል፣ እሱ መልእክቱን አድርሷል፣ ኸላስ፣ አለቀ። ገሊላ የውሃ ጀሪካን እንደያዘች ከበሩ ጀርባ ደርቃ ቀረች። ጀሪካኑን ማስቀመጥ እንደምትችል ትዝ ያላት ክንዷ ዝሎ ውሃው እግሯ ላይ ሲፈስ ነው።

ማግባት አሉት እንግዲህ! ጦርነቱ ካርቱምን እንዲህ ካደረጋት ወዲህ ከሰፈራቸው ከጀሪፍ በዚህ ዓይነት «ጋብቻ» የተወሰዱ ሴቶች ሦስት ናቸው። አንዷ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳለች፤ ግድግዳ ስታይ ትውላለች፣ ሰው ሲነካት ትጮኻለች። የሁለቱ ወሬ የለም። ገሊላ ይህን ታውቃለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ሰኔ ነው፣ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፣ እሷን ግን በረዳት።

ጥፋቷ ምን ነበር? ጉብዝናዋ ነዋ! ከጦርነቱ በፊት አርካዊት ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ የመድኃኒት ልክ ማወቅ ከባለቤቱ ተምራለች። ባለፈው ሳምንት ታጣቂዎቹ በትኩሳት የሚቃጠል ቁስለኛ በአህያ ጋሪ ጭነው ሐኪም ሲያፈላልጉ ሰፈሩ ሁሉ በሩን ቀርቅሮ ትንፋሹን ዋጠ። እሷ የሰውየውን ማቃሰት መስማት አቃታትና ወጣች። ቁስሉ ውስጥ የቀረች የጥይት ስባሪ ነበረች፤ አወጣችለት፣ አጠበችለት፣ በሦስተኛው ቀን ቆሞ ሄደ። አለቃው መጥቶ ከላይ እስከ ታች አያት። «ሻጥራ!» አለ፣ ጎበዝ ናት ማለቱ ነው። ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ «ዶክቶራ» ብሏት ሄደ። እናቷ ያን ዕለት «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሞኝ ብትሆኚልኝ!» ብላ ደረቷን ደቅታለች።

እናቷ ይመኙሻል ካርቱም ከገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቡሪ ሰፈር በሰው ቤት ወጥ ስትሠራ ኖራ፣ ባል የሚሉት ሳይኖራት ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ትልቁ ትንሣኤ ነው፣ ታናሿ ገሊላ። ትንሣኤ ጦርነቱ ሲነሳ በሊቢያ አድርጎ ወጥቷል። ከአምስት ወር በፊት ደውሎ «ባሕሩን ልሻገር ነው፣ ጸልዩልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ጀሪፍ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ወሬ የሚመጣው በመንገደኛ አፍ ብቻ ሆነ። ይመኙሻል ጠዋት ጠዋት ስልኳን ከፍታ ታያለች፣ «ኔትወርክ የለም» ትላለች፣ ትዘጋለች። ኔትወርኩ መጥፋቱ የሚያሳዝናትም የሚያጽናናትም ይመስላል።

ያን ዕለት ሐሙስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ በጓሮ በጓሮ ወደ ጋሽ ጥዑመልሳን ቤት ሄደች።

ጋሽ ጥዑመልሳን የጀሪፍ ሐበሾች ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ሰው ሲታሰር፣ ሰው ሲሞት፣ የመኖሪያ ወረቀት ሲቃጠል፣ የሁሉም እግር ወደ እሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ብልጥ ጀሪፍ አላየችም፣ ለወደፊትም ታያለች ብዬ አላስብም። በደጉ ጊዜ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው በአፈሳ ሲሰበስብ፣ አንድ ቀን መኪናው አርባ ሰው ወደሚኖርበት ግቢ ታጠፈ። ከአርባው ወረቀት ያለው አምስት ቢሆን ነው። ጋሽ ጥዑመልሳን የዕድሩን ድንኳን በአሥር ደቂቃ አስተክለው፣ አርባውንም ነጠላ አስለብሰው፣ በሐዘን ወግ ደርድረው አስቀመጧቸው። ፖሊሶቹ ገብተው ይህን ሲያዩ ጫማቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ለሌለው ሟች ፋቲሓ የሚሉትን ጸሎት አድርሰው ወጡ። ሰፈሩ አንድ ዓመት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ሰው ያመሰገናቸው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። የጎረቤታቸው የራሔል አባት ጎንደር ሲሞቱ ራሔል የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። መርዶ ለእርጉዝ አይነገርም፤ ለመንገደኛ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ጋሽ ጥዑመልሳን አራት ወር ሙሉ «አባትሽ ደውለው ነበር፣ ጉልበታቸውን ነው እንጂ ደህና ናቸው» ሲሏት ቆዩ። ስትጠራጠር በማርያም ማሉላት። ገሊላም ስልኳን ስትደብቅ፣ ወሬ ስታስቀይስ አግዛለች። ራሔል በሰላም ወልዳ ልጇ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሄዶ አረዳት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት የጋሽ ጥዑመልሳንን እጅ ስማለች።

እና ያን ሐሙስ ይመኙሻል ነገሩን ነግራ ስትጨርስ ጋሽ ጥዑመልሳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስሟን ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ዶክቶራ ነው የሚሏት» አለች ገሊላ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ትሞታለች» አሉ።

ይመኙሻል አማተበች። ገሊላ ደግሞ ወደ ፊት ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ዘዴውን ቁጭ ብለው አስረዷቸው። ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ ገብቷል፣ በየቀኑ ሰው ይቀበራል። ገሊላ ሌሊቱን ኮሌራ ጨረሳት ይባላል። ኮሌራ የገደለውን ሬሳ ደፍሮ የሚነካ ታጣቂ የለም። መካነ መቃብሩ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ተዘግቷል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሬሳውን የሚቀብረው ወንዙ ዳር፣ የጡብ መተኮሻው ጋ ነው። እዚያ ድረስ በአንገረብ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ይሸከሟታል። ጉድጓዱ ውስጥ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ጡብ ይገባል፤ እሷ በጀልባ ትሻገራለች፤ ማዶ ያለው የራሔል ባል ይቀበላትና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ መተማ ያደርሳታል። ይመኙሻል ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣ በሳምንቱ ትከተላለች።

«እኔስ ነገ ምንድን ነው የምሠራው?» አለች ይመኙሻል።

«አንቺማ ማልቀስ ነው እህቴ። ደህና አድርገሽ ማልቀስ።»

ይመኙሻል ፊቷ አመድ መሰለ። «በቁሟ? ለገዛ ልጄ? ጋሽ ጥዑመ፣ ሟርት አይሆንብኝም?»

«ሟርቱን ለእኔ ተይው። አንቺ ብቻ ጩኺ።»

እሺ አለች። አንገቷን ነቀነቀች እንጂ በአፏ አላለችም፤ ገሊላ ይህን አይታለች፣ ግን ያን ጊዜ ልብ የሚል ልብ አልነበራትም።

ዓርብ በጠዋቱ ሥራው ተጀመረ። ገሊላ ራሷ ክሎሪን በውሃ በጥብጣ በሩን፣ ግቢውን፣ የአንገረቡን ገመድ ረጨች። ኮሌራ ያለበት ቤት እንዲህ ይሸታል። ከሰል ፈጭታ ከዓይኗ ሥር በስሱ ቀባች፤ ኮሌራ ዓይን ያጎደጉዳል። ከንፈሯ ላይ ዱቄት አደረገች። መስታወት ስታይ የገዛ ሬሳዋን አየች፤ ራሔል መስታወቱን ቀማቻት። ከዚያ ራሔል የእግሯን አውራ ጣቶች በክር አሰረች፣ አላልታ። ይህን እንድታደርግ የተጠየቀችው እናቷ ነበረች። ይመኙሻል ክሩን ተቀብላ አንድ ጊዜ አየችው፣ አንድ ጊዜ የልጇን ፊት አየች፣ ክሩን መሬት ጥላ ወጣች። በደንብ እንኳ አልተሰነባበቱም።

አቡጀዲው ሲከደንባት ዓለም ነጭ ሆነ። አንገረቡን ግቢው መሃል አወጡት። ዲያቆን ዘማርያም «በቁም ሰው ላይ ፍትሐት አላነብም፣ ብትገድሉኝም አላነብም» ብሎ ስለተከራከረ ዳዊት እንዲደግም ተስማምተዋል፤ ድምፁ ከራስጌዋ ይሰማታል። የጋሽ ጥዑመልሳንም ድምፅ ይሰማታል፤ «ወንዶች በዚህ በኩል፣ ሴቶች በዚያ» ይላሉ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወይ ለቅሶ! አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ተያይተው ዝም ይላሉ። በደህናው ቀን ጀሪፍ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ሦስት መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ገሊላ የአንድ ሰው ድምፅ ጠበቀች። የእናቷን። እናቷ ከራስጌዋ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ትንፋሿ ይሰማል። ድምፅ ግን የለም።

«ይመኙሻል፣ ጩኺ እንጂ» አለች ራሔል በሹክሹክታ።

«እምቢ አለኝ» አለች ይመኙሻል። «አፌን ስከፍት ጉሮሮዬ ይዘጋል። በገዛ አፌ እግዜርን ልጄን ግደልልኝ ልበለው?»

እናቲቱን ማን ይፈርድባታል? የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን አስለቅሳ ታድር ነበር። ግን ጊዜው የርኅራኄ አልነበረም፤ የብረት በሩ ተንኳኳ፣ ሳይከፍቱለትም ተከፈተ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል የተባለው ሀሰን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ድምፁን ስትሰማ የገሊላ ልብ አቡጀዲውን የሚያነቃንቀው መሰላት። ተንፍሺ፣ በቀስታ፣ በአፍንጫ፣ ሆድ አይነሳ። መድኃኒት ቤት የተማረችው አንድም ነገር ለዚህ አይሆንም። ላብ ከግንባሯ ተነስቶ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ሬሳ ያልበዋል እንዴ? ከሰሉ ቢታጠብስ?

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሀሰን በዐረብኛ።

«ኮሌራ ነው ልጄ፣ እንዳትቀርብ» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን፤ ዐረብኛቸው ከካርቱም ሰው አይለይም። «ዶክቶራ ናት። ሌሊቱን ሙሉ አስመልሷት፣ አስቀምጧት፣ ንጋት ላይ ሄደች። አንተም እጅህን በክሎሪን ታጠብ።»

 ከዚያ ጫማ አሸዋ ላይ ሲራመድ ተሰማት፤ ቀረበ፣ ቆመ፣ ደግሞ ቀረበ። አፍንጫውን በጥምጥሙ ሸፍኖ መሆን አለበት፣ ሲናገር ድምፁ ታፍኗል።

«ግለጡላት።»

«በሽታው...»

«ግለጡላት አልኩ።»

ማንም ሳይንቀሳቀስ ብረት ጉንጯን ነካት። የጠመንጃው አፈሙዝ ነው። አቡጀዲውን በእሱ ገለጠው። ብርሃኑ በተከደነ ዓይኗ ቀላ። ዝንብ መጥታ ከንፈሯ ላይ አረፈች፣ ዱቄቱ ላይ ተራመደች፣ ወደ አፍንጫዋ ወጣች። ገሊላ እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ እመቤቴ አለች በልቧ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም። በዚያች ቅጽበት የሞተ ሰው በሆንኩ ብላ ከልቧ ተመኘች።

ብረቱ ተነሣ። ሀሰን ሁለት እርምጃ አፈገፈገ፣ ግን አልሄደም።

«እኔ ገዳሪፍ ነው ያደግኩት» አለ። «የእናንተን ሰው ለቅሶ አውቃለሁ። እናት ፊቷን ትነጫለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ይህቺ እናቷ አይደለችም? አውቶቡስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።»

«ደንግጣ ነው። ሐዘን ሲበዛ ያደነዝዛል» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን።

«ሊሆን ይችላል። አለቃው ይምጣና ይያት። ሐኪማችንም አብሮት አለ።» የመገናኛ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «አለቃ፣ አለቃ፣ ሀሰን ነኝ» ይላል። ከወዲያ መልስ የለም፤ ደግሞ ይጠራል።

ገሊላ ሁሉ ነገር እንዳለቀ ገባት። ሐኪም ከመጣ አንገቷን ይነካል፣ አለቀ። ከእሷም አልፎ ጋሽ ጥዑመልሳንን፣ ዘማርያምን፣ ራሔልን እዚያው ግድግዳ ሥር ይደረድሯቸዋል።  ያን ጊዜ ከራስጌዋ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ ጋሽ ጥዑመልሳን ናቸው፣ እናቷ አጠገብ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ይናገራሉ። ድምፃቸው የሌላ ጊዜ ድምፃቸው አይደለም። ዕድርተኛው በማለዳ የሰው በር አንኳኩቶ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

«እህቴ ይመኙሻል፣ ጠንከር በይ። እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ትንሣኤ ዐርፏል። ባሕሩ ላይ ነው። አራት ወሩ ነው። ልናረዳሽ ደህና ቀን ስንጠብቅ ነው የቆየነው።»

 ዘማርያም ዳዊቱን አቆመ።

ከዚያ ይመኙሻል ጮኸች። ያንን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም ነበር። «ትንሣኤዬ! ወየው ልጄ! ወየው ልጄን! ውሃ በላህ? አራት ወር ሙሉ ስበላ ስጠጣ ከረምኩ?» ደረቷን ስትደቃ ይሰማል፣ መሬቱን ስትመታ ይሰማል። ተነሥታ በደመ ነፍስ አጠገቧ ያለው ሬሳ ላይ ወደቀች። አንገረቡ ጮኸ። የእናቷ ክብደት፣ የእናቷ ላብ፣ የእናቷ እንባ በአቡጀዲው ውስጥ ገብቶ የገሊላን ፊት አራሰው። ጥፍሮቿ ትከሻዋን ይዘው ናጧት።

ገሊላስ? እሷም እኮ ወንድሟ ነው። ጀርባው ላይ አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሰው ሲሰድባት የተደባደበላት ወንድሟ ነው። እናቷ ላይዋ ላይ እየተንሰፈሰፈች እሷ እጇን ማንሳት አትችልም፣ «እማዬ» ማለት አትችልም፣ ማልቀስ አትችልም። ምላሷን ነከሰች። የደም ጣዕም አፏን ሞላው። እንባዋ ግን አልታዘዛትም፣ ወረደ፤ ደግነቱ ከእናቷ እንባ ጋር ስለተቀላቀለ የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። አሁን ለቅሶው እውነተኛ ሆነ፤ ግቢው በአንድ ድምፅ ተነሣ።

«ትንሣኤ ማን ነው?» አለ ሀሰን ጮክ ብሎ፣ ከለቅሶው በላይ።

«የክርስትና ስሟ ነው» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን። ድምፃቸው እንኳ አልተሰበረም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ ከወዲያ የአለቃው ድምፅ «ምንድን ነው ሀሰን?» አለ። ገሊላ ትንፋሿን ያዘች። ሀሰን ወዲያው አልመለሰም፤ እናቲቱን እያየ መሆን አለበት። «ልጅቷ ሞታለች አለቃ። ኮሌራ ነው። ራሴ አይቻለሁ» አለ። ከዚያ «አላህ ይርሐማ»፣ ነፍስ ይማር ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ። «ቶሎ ቅበሯት፣ ሰፈሩን እንዳትጨርስ» ሲልም ከውጭ ተሰማ።

ስድስት ወንዶች አንገረቡን አነሡት። ይመኙሻል «ተዉኝ፣ ልሂድ፣ ልጄን!» እያለች ስትታገል ሴቶቹ ያዟት። የትኛውን ልጇን እንደምትል ራሷም የምታውቅ አይመስልም ነበር። ድምፁ እየራቀ ቢሄድም አልጠፋም። ከጦርነቱ ወዲህ ጀሪፍ መኪና የለባትም፣ ገበያ የለባትም፤ ጩኸት ሩቅ ይሄዳል። ገሊላ በጨርቁ ውስጥ ሆና መንገዱን በአንገረቡ መወዛወዝ ቆጠረችው። አንድ የፍተሻ ቦታ ላይ ቆሙ፣ «ኮሌራ» የሚል ቃል ሰማች፣ እንደገና ተነሡ።

የጡብ መተኮሻው ጋ ሲደርሱ ገለጧት። ወንዙ ከፊቷ ነበር፣ ደፍርሶ፣ ሞልቶ። አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ጀልባውን ዳር አስጠግቶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል፤ አንዲት መንገደኛ ሴት እንደሚያሻግር እንጂ ሌላ ነገር አልተነገረውም። ወንዶቹ ጡብ በአቡጀዲ ሲጠቀልሉ ጋሽ ጥዑመልሳን ከእግሯ ክሩን ፈቱላት።  ገሊላ አፏ ውስጥ ያለውን ደም ተፋችና ያዘቻቸው።

«ጋሼ። ውሸት ነው አይደል? እማዬን ለማስለቀስ ብለው ነው አይደል?»

«ውሸት ነው» አሉ። ቶሎ ነው ያሉት። «ውሸት ነው ልጄ፣ ማርያምን! ምንም የሰማሁት ነገር የለም። ሬዲዮውን ሲያነሣ ሌላ መላ አጣሁ። አፌ ያመጣልኝ እሱን ብቻ ነው።»

ደስታ እንደ ውሃ ሙሉ ሰውነቷን አጠባት፤ ልትስቅም ቃጥቷት ነበር። ደስታው ግን አልቆየም። እኚህ ሰው ለራሔልም በማርያም ምለዋል። አጠገባቸው ቆማ ስልክ የደበቀችው ራሷ ገሊላ ናት።

«ለራሔልም ምለውላታል» አለች።

«የራሔል ሌላ ነው። እርጉዝ ነበረች።»

«እኔም መንገደኛ ነኝ። ለመንገደኛ አይነገርም።»

 ገሊላ ፊታቸውን ፈተሸችው፤ ዓይናቸውን፣ ከንፈራቸውን፣ ግንባራቸውን። ምን ይገኛል! ፖሊስ ያታለለ፣ ራሔልን አራት ወር ያታለለ፣ አሁን ደግሞ ሀሰንን ያታለለ ፊት ነው። እውነትም ቢናገር፣ ውሸትም ቢናገር ያው አንድ ፊት ነው።

«ምን ብዬ ልማልልሽ?» አሉ። «በልጆቼ? በምን?»

«እማዬንስ ምን ሊሏት ነው?»

«አሁኑኑ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ውሸቴን ነው፣ ልጅሽን ለማዳን ነው እላታለሁ።»

«አታምንዎትም» አለች ገሊላ። «ሊያጽናኑኝ ነው፣ በአንድ ቀን ሁለት ስለሆነብኝ አዝነውልኝ መልሰው ሸሸጉብኝ ነው የምትለው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። ስልክ የለ፣ ምን የለ። በምን ያሳዩአታል?»

ጋሽ ጥዑመልሳን የጡቡ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ መላ ሲያጡ ያያቸው ሰው የለም፤ ገሊላ አየቻቸው። ሽማግሌ ሆነው ታዩአት፣ ጉንጫቸው ተንጠልጥሎ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ። «እንድትወሰጂ ልተው ነበር እንዴ?» አሉ፤ የሚጠይቁት እሷን አይመስልም።  ባይሉት ኖሮ አሁን የት እንደነበረች ታውቃለች፣ ለዚያ እግራቸውን መሳም ይገባታል። በዚያው ልክ ደግሞ አንገታቸውን ብታንቅ ደስ ይላት ነበር።

ወደ ሰፈሩ ሁለት እርምጃ ተመለሰች። ሄዳ ምን ልትላት? እሷም እንደ እናቷ የሰማችውን እንጂ ሌላ የምታውቀው የለም። መንገዱ ላይ ሀሰን አለ። ቆመች፤ እግሯ ወደየትም አልሄድ አላት።

«ያላ፣ ያ ቢንቲ!» አለ ባለጀልባው፣ እንሂድ ልጄ ማለቱ ነው።

ገባች። ጋሽ ጥዑመልሳን ተነሥተው እጃቸውን አላውለበለቡላትም፣ ደህና ሁኚም አላሉም፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ሰፈር መንገድ ጀመሩ፣ በጣም ቀስ ብለው። ከኋላዋ አካፋ አፈር ሲዝቅ ተሰማ፤ ጡቡን እየቀበሩ ነው።

መሃል ውሃ ላይ ሲደርሱ ጩኸቱ አሁንም ይሰማል። ቀጭን ሆኗል፣ ቃሉ አይለይም፣ ግን የእናቷ ነው። ሽማግሌው መቅዘፉን ቀነስ አድርጎ ጆሮውን ወደ ጀሪፍ አቀና።

«ሐበሾቹ ሰው ሞቶባቸዋል» አለ በዐረብኛ። «መስኪኖች። ማን ነው የሞተው?»

ገሊላ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ሰፈሩ ስታይ ቆየች።

«አላውቅም፣ አባባ» አለች። እውነቷን ነበር።